ርካሽ ብስክሌት ለልጅ ይበቃልን?

ልጅ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሞላው በየቤቱ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ብስክሌት ይገዛልኝ የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ሰምቶ እስከ መጨረሻ ዝም የሚል አባት ጥቂት ነው። እናትም ብትሆን ልጇ የጎረቤቱን ልጅ ብስክሌት ከኋላ ሲገፋ ውሎ፣ አንድ ዙር ብቻ ስጠኝ እያለ ሲለማመጥ ስታይ ልቧ አይችልም። የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወይም ከኪሱ ቆጥቦ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ተማሪም ለታናሽ ወንድሜ፣ ለታናሽ እኅቴ ምን ልግዛ ብሎ ሲያስብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ትዝ የሚለው ይኸው ብስክሌት ነው።

ገንዘቡን ይዞ ወደ ሱቅ ሲሄድ ግን ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። በአንድ በኩል በቀይና በሰማያዊ ቀለም ያጌጠ፣ በመሪው ላይ ደወልና ቅርጫት የተደረገለት፣ ዋጋውም ለኪስ የሚቀርብ ብስክሌት ተደርድሮ ያያል። በሌላ በኩል ደግሞ ጌጡ ያነሰ፣ ነገር ግን ብድግ ሲያደርጉት ቀለል የሚል፣ ዋጋው የርካሹን ሁለትና ሦስት እጥፍ የሆነ ቆሞ ይጠብቀዋል። ርካሹን ገዝቶ ልጁን ዛሬ ያስደስተው? ወይስ ገንዘብ እስኪያገኝ ቆይቶ ውዱን ይግዛ? ነገሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የልጅ አካልና ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለ ሆነ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህን ለመመርመር ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ሁሉ አቃቂ ቃሊቲን መርጠናል። ምርጫውም ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የሚወርደው ምድር አቃቂ ሲደርስ ሜዳማ እየሆነ ስለሚሄድ ለጀማሪ ልጅ እግር የሚስማማ ነው። ሁለተኛ፣ አገሩ የብረት አገር ነው፤ ፋብሪካው፣ የብየዳው ቤት፣ ጋራዡና ጎሚስታው በዚያ ይበዛል። ሦስተኛ፣ ወደ ወደብ የሚወርደውና ከወደብ የሚመጣው ዕቃ የሚተላለፍበት አውራ ጎዳና ሰፈሩን መሀል ለመሀል ሰንጥቆት ያልፋል። ስለዚህ ስለ ልጆች ብስክሌት ሊነገር የሚገባው ደጉም ክፉውም በዚህ ቦታ ተሰብስቦ ይገኛል።

አቃቂ ከጥንትም የመንኰራኵር መተላለፊያ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በዚሁ ነበር። ቆይቶም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ዕቃ ፋብሪካዎች በየተራ ተተከሉ። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዳማ ፈጣን መንገድ መነሻው ቱሉ ዲምቱ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር የደቡብ መስመሩ መድረሻ ቃሊቲ ነው። ዛሬ በዚህ አካባቢ ብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ብዙ ሺህ ቤተሰብ ይኖርባቸዋል። በሕንፃዎቹም መካከል ያለው ክፍት ቦታ በየእሑዱ የሕፃናት ብስክሌት መንጃ ይሆናል።

በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቱሉ ዲምቱ ከእነዚህ ግቢዎች በአንደኛው ተገኝተን ነበር። ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ታናሽ እኅቱን ከኋላ አፈናጦ ከሕንፃው ጥግ ተነሣና ወደ ግቢው በር በሚያወርደው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ተለቀቀ። መጀመሪያ ሁለቱም ይሥቁ ነበር። ወደ በሩ ሲቃረቡ ልጁ ፍሬኑን ሲጨብጥ አየነው፤ ብስክሌቱ ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም። በሩ ክፍት ነው፤ ከበሩ ውጪ ደግሞ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና እያለፈ ነው። የግቢው ጥበቃ ከተቀመጡበት ዘለው ተነሥተው መሪውን በሁለት እጃቸው ባይዙት ኖሮ የዚያ እሑድ ነገር ሌላ በሆነ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉዳቱ የሁለት ጉልበት መጫጫርና የአንድ ቀሚስ መቀደድ ብቻ ሆኖ አለፈ።

አባትየው ሮጦ መጣ። በመጀመሪያ ልጁን ተቆጣ፤ ቀጥሎ ብስክሌቱን ረገመ፤ በመጨረሻም ርካሽ በመግዛቱ ራሱን ወቀሰ። ብስክሌቱን ከገዛው ገና ሦስት ሳምንት መሆኑን ነገረን። እኛም ከጥበቃው ጋር ሆነን ብስክሌቱን በመሪውና በኮርቻው ገልብጠን ተመለከትነው። የፍሬኑን ሽቦ ጠርቆ የሚይዘው ዳዶ ላልቷል፤ ስለዚህ ልጁ ሲጨብጥ ሽቦው ይንሸራተታል እንጂ ፍሬኑን አይስብም። ከዚህም ሌላ የፍሬኑ እጀታ ከመሪው በጣም የራቀ ስለ ሆነ የልጁ ጣቶች የሚደርሱት በጫፋቸው ብቻ ነው። በአቅራቢያው ካለው ጋራዥ አንድ ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ተውሰን ሁለቱንም ነገር ለማስተካከል የፈጀብን ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ይህን ነገር በልባችን ይዘን ስንመለስ አንድ ሐሳብ አልለቀን አለ። ሁለት ልጆችን ለሞት ሊያደርስ የነበረው የብስክሌቱ ርካሽነት ነው ወይስ ያልጠበቀ አንድ ዳዶ?

በዚህ ጉዳይ ሰዎች በሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፣ ርካሽ ብስክሌት ገንዘብ መጣል ነው፤ በሦስተኛው ወር ጎማው ይጣመማል፣ በስድስተኛው ወር ፔዳሉ ይወልቃል፣ ከዚያም በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ይሆናል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ብስክሌቱ ያጥረዋል፤ ለሁለት ዓመት ዕቃ የአንድ ወር ደመወዝ ማውጣት ሞኝነት ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የእውነት ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚመለከቱት ዋጋውን ብቻ ስለ ሆነ ዋናውን ነገር ያልፉታል። ዋናው ነገር የልጅ ብስክሌት አሻንጉሊት ነው ወይስ መጓጓዣ ብሎ መጠየቅ ነው።

አሻንጉሊት ሲሰበር ልጁ ያለቅሳል፤ መጓጓዣ ሲሰበር ግን ልጁ ራሱ ይሰበራል። ልዩነቱ ይህ ነው። በአውሮፓ ደንብ ኮርቻው እስከ መጨረሻ ከፍ ተደርጎ ከመሬት ከ435 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሆን ብስክሌት ከአሻንጉሊት ተራ ይወጣል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ከዚህ ልክ በላይ ሆኖ እስከ 635 ሚሊ ሜትር ለሚደርሰው የሕፃናት ብስክሌት ቁጥሩ 8098 የሆነ የተለየ የደኅንነት ደረጃ አውጥቷል። እንግዲህ በአቃቂ ግቢዎች ውስጥ ከምናያቸው የልጆች ብስክሌቶች ብዙዎቹ በዚህ ልክ ሲታዩ መጓጓዣዎች ናቸው። ሻጩ እንደ አሻንጉሊት ሲሸጣቸው፣ ገዢውም እንደ አሻንጉሊት ሲገዛቸው ነው ጥፋቱ የሚጀምረው።

የብስክሌት ታሪክም ቢሆን የልጅ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ እንዳልሆነ ያስተምራል። እኛ ዛሬ ነፋስ የምንሞላው ጎማ በዓለም ላይ እንዲስፋፋ ያደረገው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የቤልፋስት ከተማ የከብት ሐኪም ነው። ይህ ሰው ነፋስ የሚይዘውን ጎማ አስቀድሞ የሠራው ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። በአቃቂ አውራ ጎዳና ላይ የሚያልፈው ከባድ መኪና ሁሉ የሚሄደው አንድ አባት ለልጁ ብሎ ባሰበው ነገር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በርካሹና በውዱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሚታየው ክብደት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ በግምት 20 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 16 ኢንች ተራ የብረት ብስክሌት ደግሞ 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህም ማለት የልጁን ክብደት እኩሌታ ያህላል ማለት ነው። ለ70 ኪሎ ጎልማሳ 35 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ሰጥቶ ንዳ እንደ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ልጁ ሽቅብ ሲወጣ ይደክመዋል፤ ሲወድቅም ለማንሣት ይቸገራል። ከአሉሚኒየም የሚሠራው ውድ ብስክሌት በዚህ በኩል ይበልጣል። ሆኖም ክብደት የሚከብደው በዳገት ላይ ስለ ሆነ፣ ለሽሮ ሜዳ ልጅ ትልቅ ጉዳይ የሆነው ነገር ለአቃቂ ልጅ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ሁለተኛው ልዩነት በማይታየው ክፍል ውስጥ ነው። በጎማው መካከልና በፔዳሉ ሥር ያሉት ኩሽኔታዎች በርካሹ ብስክሌት ላይ ብዙ ጊዜ ግሪስ ሳይጠግቡ ይገጠማሉ፤ የጎማው ሽቦዎችም እኩል ሳይወጠሩ ይቀራሉ። እጀታው ፕላስቲክ፣ ቡሎኑ ልል፣ ቸርኬው በቀላሉ የሚጣመም ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከዚህ አብዛኛው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሊታረም የሚችል መሆኑ ነው። ብስክሌቱ ከፋብሪካ የሚመጣው ተፈታትቶ በካርቶን ነው፤ የሚገጥመውም ሰው ገበያ ቆሞ እየጠበቀው በችኮላ ይገጥመዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ የጠበቀው ቡሎን በልጁ ሩጫ ላይ ይፈታል።

ስለዚህ ርካሽ ብስክሌት የሚገዛ ሰው በገንዘብ ያልከፈለውን በትጋት መክፈል ይኖርበታል። ሊመረመሩ የሚገባቸውን ነገሮች በተራ እንግለጽ።

አንደኛው ልኩ ነው። በአገራችን ለልጅ ጫማና ልብስ ሲገዛ ያድግበታል ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ይገዛል። ይህ ልማድ ለኮት ደግ ነው፤ ለብስክሌት ግን አደገኛ ነው። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የሁለት እግሮቹ ፊተኛ ክፍል መሬት መንካት አለበት። በሁለት እግሩ መካከል ብስክሌቱን አድርጎ ሲቆምም በብረቱና በሰውነቱ መካከል ክፍተት መኖር አለበት። የልጆች ብስክሌት የሚጠራው በጎማው ስፋት ነው፤ በግምት ባለ 12 ኢንች ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ፣ ባለ 16 ለአምስትና ለስድስት፣ ባለ 20 ደግሞ ከሰባት ዓመት በኋላ ይስማማል። ሆኖም ከዕድሜው ይልቅ የእግሩ ርዝመት ይታመናልና፣ የሚቻል ከሆነ ልጁን ራሱን ወደ ሱቅ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው ፍሬኑ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ልጁ ያለ ጭንቀት በጣቶቹ እጀታውን ሊደርስበትና ሊጨብጠው ይገባል። በብዙ እጀታዎች ላይ ርቀቱን የሚያሳጥር ትንሽ ብሎን ስላለ በካቻቢቴ አቅርቦ ማስተካከል ይቻላል። ከዚያም ፍሬኑ ተጨብጦ ብስክሌቱ ወደ ፊት ሲገፋ ጎማው መዞር የለበትም። የኋላው በኋላ፣ የፊቱም በፊት ለየብቻቸው ይፈተኑ። ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ያለው ብስክሌት ለትንሽ እጅ ደግ ነው፤ ነገር ግን ካቴናው ከወለቀ ያ ፍሬን የለም ማለት ነውና የእጅ ፍሬን ጭምር ሊኖረው ይገባል። ደግሞም የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ በዝናብ ሲረጥብ ፍሬን አጥብቆ እንደማይዘው መታወቅ አለበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የክረምት ጊዜ ልጆች በዝናብ እንዳይነዱ የሚከለከሉት ጉንፋን እንዳይዛቸው ብቻ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው የፊቱ ሹካና መሪው ነው። የፊት ጎማውን አቅፎ የያዘው ሹካ ጫፉ ወደ ፊት ያዘነበለ መሆን አለበት። ገጣሚው በችኮላ ወደ ኋላ አዙሮ የሚገጥምበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ የተገጠመ ብስክሌት መሪው አልገዛ ይላል። የመሪው ዘንግም ከዚህ በላይ አይውጣ የሚል ምልክት ተቀርጾበታል። ምልክቱ ከውጪ የሚታይ ከሆነ ዘንጉ በቂ ያህል አልገባም ማለት ነው። መሪው መጥበቁን ለማወቅ የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበት መካከል አጥብቆ ይዞ መሪውን ለማዞር መሞከር ነው። ጎማው ሳይዞር መሪው ብቻ ከዞረ እንደገና ይጠበቅ።

አራተኛው ጎማው ነው። ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን ማሽከርከርና በፍሬኑ አጠገብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዛወዙን መመልከት ነው። ጥቂት መወዛወዝ ሽቦዎቹን በማጥበቅና በማላላት ይስተካከላል። ኩሽኔታውም ሲሽከረከር የአሸዋ ድምፅ ካሰማ ተፈትቶ ግሪስ ይቀባ።

ይህን ሁሉ መሥራት የሚችል ሰው በአቃቂ ቃሊቲ ማግኘት አያስቸግርም። እንዲያውም የብረት ብስክሌት ርካሽ ቢሆንም የሚከብርበት አንድ ጸጋ እዚህ ላይ ይገለጣል። ቃሊቲ የብረት ቱቦና ላሜራ ሲያመርት የኖረ ፋብሪካ ያለበት ሰፈር ነው፤ በየመንገዱም ዳር በርና መስኮት የሚበይዱ ወጣቶች አሉ። የተሰነጠቀ የብረት ቱቦ ለእነዚህ ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። የአሉሚኒየም ብስክሌት ግን ሲሰነጠቅ ልዩ የብየዳ መሣሪያና ልዩ ሙያ ይጠይቃል፤ ያንን ደግሞ በየሰፈሩ ማግኘት አይቻልም። የቀዳውን ከመነዳሪ ጎሚስታው በጥቂት ብር ይለጥፈዋል። በመሆኑም አንድን ብስክሌት ለአንድ አገር ተስማሚ የሚያደርገው ጥራቱ ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ የሚያድነው እጅ በአቅራቢያ መገኘቱም ነው። ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው ጎማው ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነና ቡሎን በሌለው ሁኔታ ተጣብቆ ከተሠራ ብስክሌት ነው። እንዲህ ያለው ሲሰበር ተጣለ ማለት ነው።

ስለ ዋጋ ስንናገር ያለንበትን ዘመን መርሳት አይገባም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ብስክሌት ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስለ ሆነ ትናንት ርካሽ የነበረው ዛሬ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ያገለገለ ብስክሌት መግዛት የሚያሳፍር ነገር ሊሆን አይገባም። አጥንቱ ጤነኛ የሆነ፣ ያልዛገ፣ ያልተጣመመ አሮጌ ብስክሌት፣ አዲስ የፍሬን ጎማና አዲስ ሽቦ ቢገባለት፣ ከአዲሱ ርካሽ ብስክሌት ብዙ ጊዜ ይበልጣል። በጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ለአንዱ ልጅ ያጠረውን ለሌላው ቢያስተላልፉ አንድ ብስክሌት አራት ልጆችን ሊያሳድግ ይችላል።

እዚህ ላይ የሴቶች ልጆችንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በብዙ ቤት ብስክሌቱ የሚገዛው ለወንዱ ነው፤ ሴቷ ከኋላ ተፈናጣ ትቀራለች። በቱሉ ዲምቱ ያየናት ሕፃን ፍሬን ለመያዝ የሚችል እጅ ነበራት፤ ነገር ግን መሪው በእጇ አልነበረም። የካቴናው መሸፈኛ በሚገባ ከተገጠመ ቀሚስ አይዝም፤ ሱሪ ብትለብስም ማንም የሚከለክላት የለም። እኅትም እንደ ወንድሟ በየተራ ትንዳ።

የመንዳት ትምህርቱም ቢሆን ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ብዙ ሰው ለጀማሪ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ደጋፊ ጎማ ያስገጥማል። ይህ ልጁ እንዳይወድቅ ያግዘዋል እንጂ ሚዛን መጠበቅን አያስተምረውም። የሚሻለው ዘዴ ፔዳሎቹን ፈትቶ ማንሣት፣ ኮርቻውን ዝቅ ማድረግና ልጁ በእግሩ መሬቱን እየገፋ እንዲንሸራተት መተው ነው። ካርል ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ በ1817 እ.ኤ.አ. ለሰው ያሳየው ባለ ሁለት መንኰራኵር መሣሪያም ፔዳል አልነበረውም፤ ነጂው በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። ልጁ በጥቂት ቀኖች ሚዛኑን ሲለምድ ፔዳሉ ይመለስለታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከርካሹ ብስክሌት የተረፈው ገንዘብ ደግሞ መዋል ያለበት ለደወልና ለቅርጫት ሳይሆን ለራስ መከላከያ ቆብ ነው። በውድ ብስክሌት ላይ ራሱ የተራቆተ ልጅ ከማየት በርካሽ ብስክሌት ላይ ቆብ ያደረገ ልጅ ማየት ይሻላል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ እርሱም በገንዘብም በቁልፍም የሚስተካከል አይደለም። በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው ጎዳና ከባድ መኪና ቀንና ሌሊት የማይለይበት መንገድ ነው። ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ሲያልፍ አጠገቡ ያለውን ትንሽ ልጅ ነጂው ከከፍታው ላይ ሆኖ ላያየው ይችላል። በዚህ ጎዳና ላይ ርካሹም ብስክሌት ውዱም ብስክሌት ለልጅ አይበቃም። የትኛውም ፍሬን አያድንም።

በዚህ ረገድ ከሆላንድ አገር የምንማረው አለ። ዛሬ የብስክሌት አገር ተብላ የምትጠራው ሆላንድ በ1971 እ.ኤ.አ. ከ3,000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ የሞቱባት ነበረች፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ወላጆች አደባባይ ወጥተው የሕፃናት ግድያ ይቁም የሚል እንቅስቃሴ አስነሡ። የጠየቁት የተሻለ ብስክሌት አልነበረም፤ የተሻለ መንገድ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ለብስክሌት የተለየ መስመር በየከተማው እየተሠራ ሄደ፤ ሕፃናቱም በተራ ብስክሌት ትምህርት ቤት መሄድን ለመዱ።

በእኛም ከተማ ጅምሩ አለ። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም ጎዳናዎች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ሲከፈቱ ብዙ ልጅ ደስ ብሎት ነድቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት ሥራ የብስክሌት መስመሮች ተዘርግተዋል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የስምንት ዓመት ልጅ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ መሀል ከተማ ድረስ ለመንዳት አይሄድም። ለእርሱ የሚያስፈልገው በሰፈሩ ውስጥ መኪና የማይገባበት አንድ መቶ ሜትር ያህል ቦታ ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ የግቢው ነዋሪዎች ተስማምተው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ እንዲዘጋ፣ መኪናዎችም በአንድ ጥግ እንዲቆሙ ቢወስኑ ይበቃል።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ርካሽ ብስክሌት ለልጅ ይበቃል፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ልኩ የልጁ ከሆነ፣ ፍሬኑ ከያዘ፣ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ የሚነዳበትም ቦታ ከመኪና የተለየ ከሆነ ርካሹ ከበቂ በላይ ነው። እነዚህ ከጎደሉ ግን ውዱም ቢሆን አደጋ ነው። ውዱን ለመግዛት አቅም የሌለው ወላጅ ልቡ አይሰበር፤ የጎደለውን በዐሥር ደቂቃ ምርመራ ሊሞላው ይችላል። ውዱን የገዛም አይታበይ፤ የእርሱም ዳዶ ይላላል።

ይህንም የምንናገረው በተለይ ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ነው። አባት ከሥራ ደክሞ ይመጣል፤ እናትም የቤቱ ሥራ አያላውሳትም። የታናሹን ብስክሌት በየሁለት ሳምንቱ ገልብጦ ለማየት ጊዜውም ጉልበቱም ያለው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነው። በትምህርት ቤት ስለ ኃይልና ስለ ሰበቃ የተማረ ተማሪ ትምህርቱን ከዚህ የተሻለ የሚያውልበት ቦታ የት ያገኛል? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በረንዳ ላይ የቆመውን ብስክሌት ገልብጡና ፍሬኑን ጨብጡት። ጎማው ካልቆመ ልጁ ሳይነዳው ዛሬውኑ ይስተካከል።